ሰር ሳሙኤል ሆርና የታጠፈው ቃል

በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ ውስጥ የጀግኖችንና የደጋግ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ከፊተኞቹ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የወረስነው ልማድ ነው። ዘንድሮ ተራው ለእኛ ሲደርስ ብዙ ስሞችን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስንመርጥና ስንሰርዝ ሰነበትን። በመጨረሻ የመረጥነው ግን አገራችንን የጠቀመ ሰው ሳይሆን የጐዳ ሰው ሆነ። ይህን ያደረግንበትን ምክንያት አስቀድመን መናገር ይገባናል።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ማኅበራችን ነው። ለአንድ ዓርብ ምሽት የተሰጠን ርእስ በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ለደረሰው በደል ከእንግሊዝ ሹማምንት ይበልጥ ተወቃሹ ማን ነው የሚል ነበር። ሁላችንም ሳናመነታ የሰር ሳሙኤል ሆርን ስም ጠራን። ዳሩ ግን ሰውየው ማን እንደ ነበረ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሠራ በተጠየቅን ጊዜ ከአንድ ስምና ከአንድ ስምምነት በቀር የምናውቀው ነገር አልነበረንም። ሰውን ሳያውቁ መፍረድ ደግሞ ለተማሪ አይገባም። ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እነሆ እናቀርባለን። ዘመኑን ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር አድርገነዋል፤ ያስፈልጋል ባልንበት ስፍራ የአውሮጳውን ጨምረናል።

ልደቱና ትምህርቱ

ሳሙኤል ሆር በ1872 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር በ1880) በሎንዶን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በባንክ ሥራ የከበረና የታወቀ ነበረ። ከአያት ቅድመ አያቶቹ መካከል ኩዌከር የሚባሉት፥ ጦርነትን አጥብቀው የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ይገኙባቸዋል፤ እስረኞችን በመርዳት ስሟ የተጠራው ኤልሳቤጥ ፍራይም የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ ነበረች። አባቱ የፓርላማ አባል ስለ ነበረ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የመንግሥት ወሬ ሲሰማ አደገ። በሃሮ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረና በታሪክ ትምህርት በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። ከስፖርት ቴኒስና በበረዶ ላይ መንሸራተትን ይወድ ነበር። ይህ የበረዶው ጨዋታ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ስለሚመጣ አንባቢው ያስታውሰው።

በ1902 ዓ.ም. ቼልሲ ከሚባለው የሎንዶን ክፍል ለፓርላማ ተመረጠ፤ በዚያም ወንበር ሠላሳ አራት ዓመት ተቀመጠ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሆር የመስኮብኛ ቋንቋ ተምሮ ወደ ሩስያ ተላከ፤ በፔትሮግራድም የእንግሊዝ የስለላ ክፍል አለቃ ሆነ። ከዚያ ወደ ኢጣልያ ተዛወረ። በዚህ ስፍራ የሠራው አንድ ሥራ ለእኛ እጅግ የሚያስገርም ሆኖ አግኝተነዋል። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢጣልያ ጦር በካፖሬቶ ድል ሆኖ ሕዝቡ ጦርነቱን በሰለቸበት ጊዜ፥ ጦርነቱ እንዲቀጥል የሚሰብክ አንድ ጋዜጠኛ በሚላኖ ነበረ። ለዚያ ሰው ጋዜጣ በየሳምንቱ 100 ፓውንድ የእንግሊዝ ገንዘብ እንዲከፈለው ያደረገው ሆር ነው። ጋዜጠኛው ቤኒቶ ሙሶሊኒ ይባላል። የክፍያው ዝርዝር በሰፊው የታወቀው አንድ የእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊ ሰነዶቹን አግኝቶ በ2002 ዓ.ም. ከገለጠው በኋላ ነው።

እንግዲህ ሆር ሙሶሊኒን ያወቀው ገና ሥልጣን ሳይኖረው፥ እጁን ለገንዘብ ሲዘረጋ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በስጦታ ማለዘብ ይቻላል ብሎ በኋላ ቢያስብ፥ ሐሳቡ ከዚህ ትውውቅ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም።

ሹመቱና የመጀመሪያው ነቀፌታ

ከጦርነቱ በኋላ ሆር በማዕርግ ላይ ማዕርግ እየጨመረ ሄደ። በ1915 ዓ.ም. የአየር ኃይል ሚኒስትር ሆነ። በአይሮፕላን ሩቅ አገር መሄድ ገና እንደ ድፍረት በሚቈጠርበት ዘመን፥ በ1919 ዓ.ም. ከባለቤቱ ጋራ ከእንግሊዝ ተነሥቶ እስከ ዴልሂ ድረስ በመብረሩ ስሙ በጋዜጣ ሁሉ ወጣ።

በ1923 ዓ.ም. የህንድ ጉዳይ ሚኒስትር ተባለ። ለህንድ አገር ከፊል የራስ አስተዳደር የሚሰጠውን ሕግ አዘጋጅቶ በፓርላማ ለማሳለፍ አራት ዓመት ደከመ። ሕጉ እስከዚያ ዘመን ድረስ በእንግሊዝ ፓርላማ ከወጡት ሁሉ የረዘመ ነበር። ሆር በአጣሪው ጉባኤ ፊት ቀርቦ በሺህ ለሚቈጠር ጥያቄ ሳይታክት መልስ ሰጠ። ወዳጆቹም ጠላቶቹም ታታሪነቱን መሰከሩለት።

ይሁን እንጂ ከራሱ ፓርቲ ብርቱ ተቃዋሚ ተነሣበት። ይኸውም ዊንስተን ቸርችል ነው። ቸርችል ህንድ ከእንግሊዝ እጅ እንዳትወጣ የሚከራከር ስለ ነበረ፥ በሚያዝያ 1926 ዓ.ም. በፓርላማ ፊት ከባድ ክስ አቀረበ። የማንቼስተር ነጋዴዎች ማኅበር ለአጣሪው ጉባኤ የጻፈውን ምስክርነት እንዲለውጥ ሆር በስውር ገፋፍቶታል አለ። ጉዳዩን የመረመሩት የፓርላማ አባሎች ሆርን ነጻ አወጡት። የኋላ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ሰነዶቹን መርምረው፥ የቸርችል ክስ ፈጽሞ መሠረት የሌለው እንዳልነበረ ጽፈዋል። ሆር ከዚህ ነገር ያለ ቅጣት በመውጣቱ፥ የመንግሥትን ነገር ከመጋረጃ በስተኋላ መጨረስ የሚቻል መሆኑን ሳይማርበት አልቀረም።

ሁለት ሰዎች በአንድ ሥራ

ግንቦት 30 ቀን 1927 ዓ.ም. ስታንሊ ቦልድዊን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ሆርን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። ነገር ግን በዚያው ቀን ሌላ ሹመት ተደረገ። ገና አርባ ዓመት ያልሞላው አንቶኒ ኤደን የመንግሥታት ማኅበር ጉዳይ ሚኒስትር ተብሎ ከሆር ጋራ በካቢኔ ውስጥ ተቀመጠ። አንዱን የውጭ ጉዳይ ሥራ ሁለት ሚኒስትሮች ያዙት ማለት ነው። ኤደን በጄኔቭ የታወቀና በሕዝብ የተወደደ ጐልማሳ ነበር፤ ሆር ደግሞ በዕድሜና በማዕርግ የሚበልጠው ነበር። በአንድ በሬ ጫንቃ ላይ ሁለት ቀንበር ቢጫን እርሻው እንደማይቀና ባላገር ሁሉ ያውቃል።

ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፥ በዚያ ጊዜ በሆር ጠረጴዛ ላይ ስለ ነበረው ስለ እኛ ነገር ጥቂት እንናገር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወታደሮች በወልወል ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጋራ ተጋጩ። ወልወል ከድንበር ብዙ የገባ የኢትዮጵያ መሬት ሲሆን ሙሶሊኒ ራሱን ተበዳይ አድርጎ ካሣ ጠየቀ፤ ወዲያውም ጦሩንና መሣሪያውን በስዊዝ ቦይ አሳልፎ ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ያጓጉዝ ጀመር። ኢትዮጵያ ግን ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ለነበረችበት ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። የማኅበሩ ሕግ አንዱ አባል ቢጠቃ ሌሎቹ ሁሉ እንዲረዱት ያዝዛል።

የእንግሊዝ ሕዝብም ይህን ሕግ ይደግፍ ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ከ11 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች መልስ ሰጥተው፥ አብዛኞቹ አጥቂ መንግሥት በንግድ ቅጣት ይገታ ብለው ነበር። የኢትዮጵያው መልእክተኛ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በሎንዶን ሆነው የአገራቸውን ነገር ያስረዱ ነበር።

ጳጉሜን 5 እና ጳጉሜን 6

አሁን የዚህ ሰው ታሪክ ሁሉ ወደሚታሰርበት ቋጠሮ ደርሰናል።

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም.፥ በአገራችን ሰው ለእንቍጣጣሽ ዋዜማ ሲሰናዳ፥ ሆር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመ። በዚያም እንግሊዝ ለማኅበሩ ሕግ ታማኝ መሆኗን፥ ሕጉን ለማስከበር ከሌሎቹ ጋራ በጽናት እንደምትቆም፥ ትንንሽ መንግሥታትም ነጻነታቸውን ጠብቀው የመኖር መብት እንዳላቸው ተናገረ። ጉባኤው በደስታ ተቀበለው። ንግግሩ በዓለም ዙሪያ በጋዜጣና በራዲዮ ተነገረ፤ የተስፋው ቃል በአዲስ አበባም ተሰማ። ወገን አገኘን ብሎ ያልተጽናና አልነበረም።

ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፥ ጳጉሜን 5፥ ሆር ከፈረንሳዩ ሚኒስትር ከፒየር ላቫል ጋራ ለብቻ ተቀምጦ ነበር። ላቫል በዚያው ዓመት ከሙሶሊኒ ጋራ በሮም የተዋዋለና ወዳጅነቱን ለማጣት የማይፈልግ ሰው ነው። ሁለቱ በዚያ ቀን የተስማሙበት ነገር ኢጣልያን በጦር ኃይል ላለመቅጣትና የስዊዝን ቦይ ላለመዝጋት ነበር። ይህን ምስጢር ላቫል ራሱ ከጥቂት ወራት በኋላ በፈረንሳይ ምክር ቤት ገለጠው። ስለዚህ ሆር በማግሥቱ በጉባኤው ፊት ቃል ሲገባ፥ ቃሉ እስከ የት እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። የሰሙት ግን አያውቁም ነበር።

ሆር ይህን ያደረገው ኢትዮጵያን በመጥላት ነው ብለን አንጽፍም፤ ማስረጃም አላገኘንም። የእንግሊዝ የጦር አለቆች ከኢጣልያ ጋራ ብንዋጋ ብዙ መርከብ እናጣለን፥ ጀርመንና ጃፓንም ያን ጊዜ ይነሡብናል እያሉ ያስፈራሩ ነበር። ፈረንሳይም እንደምትረዳው እርግጠኛ አልነበረም። ስለዚህ በአንድ በኩል ለማኅበሩ ቃል መግባትን፥ በሌላ በኩል ከሙሶሊኒ ጋራ መደራደርን መረጠ። ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን የእኛን ተረት የሰማ ይመስላል። የተተከሉት በሌላ ሰው መሬት ላይ መሆናቸውን ግን አላሰበም።

የፓሪስ ስምምነት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ሃምሳ ያህል መንግሥታት ኢጣልያ ሕግ አፈረሰች ብለው ፈረዱ፤ በኅዳርም የንግድ ቅጣት ተጣለ። ነገር ግን የአይሮፕላንና የካሚዮን ሁሉ ሕይወት የሆነው የነዳጅ ዘይት በቅጣቱ ውስጥ አልገባም። ኅዳር 4 ቀን በእንግሊዝ አገር ምርጫ ተደረገና የቦልድዊን መንግሥት ማኅበሩን እንደግፋለን ብሎ ሕዝቡን በማሳመን አሸነፈ።

ኅዳር 26 ቀን፥ የወልወል ግጭት በሆነ ልክ በዓመቱ፥ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቦምቡ በቀይ መስቀል ድንኳኖችና በሆስፒታሉ ላይም ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማው ነበሩና ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አይሮፕላኖቹ ይተኩሱ ነበር።

በማግሥቱ ሆር ፓሪስ ገባ። በሥራ ብዛት ደክሞና ታሞ ስለ ነበረ ወደ ስዊስ አገር ሄዶ ሊያርፍ በመንገዱ ነበር። ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ ከሰር ሮበርት ቫንሲታርት ጋራ ሆኖ ከላቫል ጋራ ሁለት ቀን ተነጋገረ። ኅዳር 28 ቀን፥ እሑድ ማታ፥ አንድ ዕቅድ ተስማምተው ፈረሙ።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። የትግራይ ምሥራቃዊ ክፍል ለኢጣልያ እንዲሰጥ፤ በደናክልና በኦጋዴን በኩልም መሬት እንዲጨመርላት፤ የኢትዮጵያ ደቡብ ደግሞ በስም የኢትዮጵያ ሆኖ ኢጣልያኖች የሚሰፍሩበትና የንግዱን ጥቅም ለብቻቸው የሚይዙበት እንዲሆን። በለውጡ ኢትዮጵያ እስከ አሰብ ወደብ የሚያደርስ ቀጭን የመሬት ሰርጥ እንድታገኝ። በዚያ ሰርጥ ላይ የምድር ባቡር እንዳይሠራ የሚል ሐሳብ በመኖሩ አንድ የሎንዶን ጋዜጣ መንገዱን የግመል መተላለፊያ ብሎ ዘበተበት። በጠቅላላው ሲደመር ከአገሪቱ ስፋት ከግማሽ የሚበልጠው ወይም ተቈርጦ፥ ወይም በኢጣልያ እጅ ተይዞ ይቀር ነበር።

ድንበሩ በአክሱምና በዓድዋ መካከል እንዲያልፍ፥ አክሱም ለኢትዮጵያ፥ ዓድዋ ለኢጣልያ እንዲሆን ተጽፎ ነበር። እኛ ይህን ስናነብ ለጥቂት ጊዜ መጽሐፉን ዘጋነው። በ1888 ዓ.ም. በደም የተጠበቀው ስፍራ፥ ዓርባ ዓመት ሳይሞላው፥ በፓሪስ ከተማ በወረቀት ላይ ተሰጠ። ከሁለቱ ፈራሚዎች አንዱም ዓድዋን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የባለመሬቱም መልእክተኛ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ ሲገለጥ

ሆር ሥራውን የፈጸመ መስሎት ወደ ስዊስ ሄደ። ነገር ግን በማግሥቱ ሰኞ የዕቅዱ ምስጢር በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ። የእንግሊዝ ካቢኔ በዚያ ቀን ተሰብስቦ ዕቅዱን ተቀበለና፥ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲቀበሉት ይመከሩ ዘንድ ወደ አዲስ አበባ ቴሌግራም እንዲላክ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ግን የሕዝቡ ቍጣ ነደደ። ለፓርላማ አባሎች የሚላከው ደብዳቤ እንደ ክረምት ጐርፍ ሆነ። ከወር በፊት ማኅበሩን እንደግፋለን ብለው የተመረጡ ሰዎች በመራጮቻቸው ፊት አፈሩ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሆር በስዊስ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ራሱን ስቶ ወደቀና አፍንጫው ተሰበረ። ለጥቂት ቀን መመለስ አልቻለም። ራሱ ተገኝቶ ነገሩን ሊያስረዳ በሚገባበት ጊዜ ሚኒስትሩ በአልጋ ላይ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ከደሴ ሆነው ዕቅዱን አልቀበልም አሉ። አጥቂን ለጥቃቱ መሸለም የማኅበሩን ሕግ ማፍረስ መሆኑን አስታወቁ። ጦሩ እየተደበደበ፥ መሣሪያው እያነሰ፥ ተስፋ ያደረጉባቸው መንግሥታትም ከዱ በሚባልበት ሰዓት የተሰጠ መልስ ስለ ሆነ ክብሩ የላቀ ነው።

ታኅሣሥ 8 ቀን ካቢኔው ተሰበሰበ። ከዘጠኝ ቀን በፊት ዕቅዱን የተቀበሉት ሚኒስትሮች አሁን ሆር በፓርላማ ፊት ስሕተቱን እንዲያምን ጠየቁት። ሆር ያላመነበትን አልናገርም ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። በማግሥቱ አፍንጫው በፕላስተር ታሽጎ በፓርላማ ቆመና የሠራውን ሥራ ተከላከለ። ኢጣልያን ለመግታት ከእንግሊዝ በቀር አንድ መርከብ ወይም አንድ ወታደር ያንቀሳቀሰ መንግሥት የለም ብሎ ተከራከረ። ከእርሱ ቀጥሎ ቦልድዊን ዕቅዱ ስሕተት እንደ ነበረ አምኖ በቦታው ጸና። ከሦስት ቀን በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ተቀናቃኙ ኤደን ያዘው።

የዕቅዱ ፍሬ ምን ሆነ? ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ የሙሶሊኒን ወዳጅነት ለማትረፍ ሲሉ ማኅበሩንም ሙሶሊኒንም አጡ። ስለ ነዳጅ ዘይት የተጀመረው ምክር እየተጓተተ ቀረ። በዚያው በታኅሣሥ ወር የኢጣልያ አይሮፕላኖች በተከዜ በኩል የመርዝ ጢስ ማፍሰስ ጀመሩ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ፥ ሆር ቃል በገባበት በጄኔቭ ከተማ፥ በዚያው ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ሕዝባቸው አቤት አሉ።

ከውድቀቱ በኋላ

ሆር ከሥልጣን ውጭ የቆየው ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ አዲስ አበባ ከተያዘች ልክ በወሩ፥ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ። በ1929 ዓ.ም. የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነ። ኤደን በየካቲት 1930 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ በሚደረገው ድርድር ምክንያት ሥልጣኑን ሲለቅ ሆር በካቢኔው ቀረ፤ በሙኒክ ስምምነት ጊዜም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከኔቪል ቼምበርሌን የቅርብ መካሪዎች አንዱ ነበር።

በኅዳር 1931 ዓ.ም. የሆነውን ሁለት ነገር አንባቢው አብሮ ይመልከት። በዚያ ወር የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ የያዘችውን ግዛት አጸደቀ። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ የአይሁድና የኩዌከር ማኅበሮች መሪዎች ለምነውት፥ ሆር በናዚ ጀርመን የሚሠቃዩ ሕፃናት ያለ ቪዛ ወደ እንግሊዝ እንዲገቡ መፍቀዱን በፓርላማ አስታወቀ። በዚህ ፈቃድ ጦርነቱ እስኪነሣ ድረስ 10,000 ያህል ሕፃናት ከሞት ዳኑ። የግርፋት ቅጣትም እንዲቀር ሕግ አዘጋጀ፤ ሕጉ በጦርነቱ ምክንያት ቢቋረጥም አብዛኛው ሐሳቡ በ1940 ዓ.ም. በሌሎች እጅ ተፈጽሟል።

በ1932 ዓ.ም. ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የቀድሞ ተቃዋሚውን ከካቢኔ አስወጥቶ ወደ ስጳኝ አምባሳደር አድርጎ ሰደደው። ሆር በማድሪድ አራት ዓመት ተቀምጦ፥ ጄኔራል ፍራንኮ ከሂትለር ጋራ ሆኖ እንዳይዋጋ ደከመ። ስጳኝም ከጦርነቱ ውጭ ቀረች። በዚህም ምክንያት ቫይካውንት ቴምፕልውድ የሚል ማዕርግ ተሰጠው።

በሽምግልናው የሞት ቅጣት እንዲቀር የሚሟገት መጽሐፍ ጻፈ። በ1954 እንደ አውሮጳ ባሳተመው በሌላው መጽሐፉ ደግሞ የፓሪሱን ዕቅድ እንደ ገና ተከላከለ፤ ቢፈጸም ኖሮ የኢትዮጵያን እኩሌታ ያድን ነበር የሚል ሐሳቡን እስከ መጨረሻ አልተወም። ላቫል በ1938 ዓ.ም. በአገር ክዳት ተፈርዶበት በጥይት ሲደበደብ፥ ኤደንም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በዚያው በስዊዝ ቦይ ነገር በ1949 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ ሆር በሕይወት ነበረ። ሚያዝያ 29 ቀን 1951 ዓ.ም. ሞተ። ከዚያ በሁለት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ የነጻነቷን ቀን አክብራ ነበር። ልጅ ስላልነበረው ማዕርጉም ከእርሱ ጋራ ቀረ።

ፍርዳችን

ከቤተ መጻሕፍት ወጥተን ስንነጋገር በመካከላችን ሁለት ሐሳብ ነበረ። አንዳንዶቻችን ሆር የመላውን መንግሥት ኃጢአት ተሸክሞ የወጣ ሰው ነው አሉ። እውነትም ነው፤ ከእርሱ ጋራ ዕቅዱን የተቀበሉት ሁሉ በወንበራቸው ቀርተዋል። ሕፃናቱን ያዳነ፥ ግርፋትን የጠላ፥ በሙግቱም የማያፍር ሰው መሆኑን አይተናል። ሌሎቻችን ግን ምሕረቱ እንግዳ የሆነው ለእኛ ብቻ ነው አሉ፤ ይህም እውነት ነው።

በመጨረሻ ሁላችንም የተስማማንበት አንድ ነገር አለ። የሆር ትልቁ ጥፋት በፓሪስ የፈረመው ወረቀት አይደለም፤ ወረቀቱ በአሥር ቀን ውስጥ ተቀድዷል። ትልቁ ጥፋት ጳጉሜን 5 ቀን ማድረግ እንደማይችል ያወቀውን ነገር ጳጉሜን 6 ቀን ተስፋ አድርጎ ማቅረቡ ነው። እንግሊዝ ብቻዋን ልትረዳን አትችልም ብሎ በግልጥ ቢናገር ኖሮ መራራ ቢሆንም እውነት ይሆን ነበር፤ የተቸገረውም ሕዝብ ራሱን በዚያ መጠን ያዘጋጅ ነበር። የዕቅዱም መከላከያ አይጸናም፤ የግማሽ አገር መትረፍ ትርፍ መሆኑንና አለመሆኑን ለመወሰን መብት የነበረው ባለአገሩ ብቻ ነው፤ እርሱም መልሱን ከደሴ ሰጥቷል።

እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን የምንወጣ ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን አስተማሪ የሚሆን፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀመጥ፥ ምናልባትም ሚኒስትር የሚሆን ይኖራል። የምንችለውን ብቻ ተስፋ እንድንሰጥ፥ ተስፋ የሰጠነውንም እንድንፈጽም፥ በሌለ ሰው ዕጣ ላይም ዘግተን እንዳንፈርድ ይህን ታሪክ ለራሳችን ጻፍነው። ለሚቀጥሉት ተማሪዎችም በአደራ እንተውላቸዋለን።